ለአንዲት ጎሚኒ ይህን ያህል ብር?

«ለአንዲት ጎሚኒ ይህን ያህል ብር?» የሚለው ጩኸት ያልተሰማበት የጋራዥ ደጅ ያለ አይመስለኝም። የሚጮኸው ባለመኪና ብዙ ጊዜ የተማረ፣ ደኅና ልብስ የለበሰ፣ በቢሮውም የተከበረ ሰው ነው፤ የሚጮኽበት ደግሞ ክንዱ እስከ ክርኑ በዘይት የጠቈረ መካኒክ ነው። አላፊ አግዳሚው ለባለመኪናው ይፈርዳል። እኔ ለመካኒኩ እፈርዳለሁ፤ ይሁን እንጂ ፍርዴ የሚጸናው መካኒኩ እውነተኛ ሠራተኛ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ሐሰተኛውም መካኒክ ከዚህ ጽሑፍ ድርሻውን ሳያገኝ አይቀርም።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ የታወቀ ሞተር ልጥቀስ። የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2005 ጀምሮ ኦኤም 642 የሚባል ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር አውጥቶ ነበር። ሞተሩ በቤት አውቶሞቢሎች፣ በስፕሪንተር የሕዝብ ማመላለሻዎችና በአሜሪካው ጂፕ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ወገን ተከፍለው ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ስለሚቆሙ፣ በመካከላቸው ሸለቆ የመሰለ ጐድጓዳ ቦታ ይገኛል። የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዚህ ሸለቆ ወለል ላይ ነው።

የሞተር ዘይት ሥራው ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትንም ተሸክሞ ያወጣል። የተሸከመውንም ሙቀት የሚያራግፍበት አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን አለ፤ የዘይት ማቀዝቀዣ ይባላል። በሣጥኑ ውስጥ በስስ ብረት እየተለያዩ በአንድ ወገን ዘይት፣ በሌላው ወገን የራዲያተር ውሃ ያልፋሉ፤ ሁለቱ ሳይነካኩ ሙቀት ይቀባበላሉ። ማቀዝቀዣው ከሞተሩ ብረት ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚጠብቁ ሁለት ጎሚኒዎች አሉ። ጎሚኒ ዋጋው በሙሉ ያለው ተጨቍኖ መልሶ በመግፋቱ ነው። ለዓመታት በግለት ተጨቍኖ በዘይት ሲነከር ግን የመግፋት ኃይሉን ያጣል፤ ይጠነክራል፤ እንደ ተጨቈነም ይቀራል። ያን ጊዜ ለዐይን ደኅና ይመስላል፤ ዘይቱ ግን መንገዱን አግኝቷል። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የገቡት ጎሚኒዎች ቀለማቸው ብርቱካናማ ነበረ። ብዙዎቹ ስላፈሰሱ በኋላ ቫይተን ከሚባለው፣ ሙቀትንና ዘይትን እጅግ ከሚችለው ጎማ በተሠሩ ሐምራዊ ጎሚኒዎች ተተኩ። ቫይተንን ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው በ1957 ነው። እንግዲህ ሞተሩ ሲነደፍ የተሻለው ጎማ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነበረው ማለት ነው። ይህን ፋብሪካው ይመልስበት።

አሁን ዘይቱን እንከተለው። ከጎሚኒው ያመለጠው ዘይት በሸለቆው ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ይፈስና ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት በኩል ወርዶ ከመሬት ላይ ጠብ ይላል። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ ቀና ሲል የሚያየው ይህን ጠብታ ነው። በዚያው አጠገብ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ጎሚኒ አለና ቸኳዩ ሰው ወዲያው «የኋላው ጎሚኒ ሄዷል» ብሎ ይፈርዳል። ካምቢዮው ይወርዳል፤ ጤነኛው ጎሚኒ ወጥቶ ሌላ ጤነኛ ይገባል፤ ሒሳቡም ይከፈላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠብታው በቦታው ይገኛል። አንድ ጎረቤቴ በአንድ ጋራዥ ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍሎበታል፤ በሁለተኛው ጊዜ የተነገረው «ጎሚኒው ኦርጅናል ስላልነበረ ነው» የሚል ነበር። ሸለቆውን የተመለከተ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም ሳናውቅ ተወልደናል። ነውሩ ሳያዩ መፍረድ ነው። የሚታይበት መንገድም አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ልዩ ማቅለሚያ ይጨመርና ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ በሐምራዊ መብራት ሲታይ የፈሰሰበት መንገድ ከምንጩ ጀምሮ ያበራል። ወይም ጣት የማታህል ካሜራ ወደ ሸለቆው ትወርዳለች፤ ወለሉ በዘይት የራሰ እንደ ሆነ ነገሩ ያልቃል። ይህ ሁሉ ካምቢዮ ከማውረድ ጋር ሲተያይ ቀላል ድካም ነው። እንግዲህ ምንጩን ሳይፈልግ ጠብታው ከታየበት ላይ የሚፈታ መካኒክ፣ ራሱ የሚያመውን ሰው እግሩን እንደሚያሽ ወጌሻ ነው፤ ለእሽታውም ያስከፍላል።

ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ። ምንጩን ዐውቆ የድካሙን ብዛት ሲያይ፣ እጁ የሚደርስበትን ጠርዝ ሁሉ በሲሊኮን ለጥፎ መኪናውን አጥቦ የሚያስረክብ ነው። ያኛው አላዋቂ ነበር፤ ይኸኛው ሌባ ነው። ግፊት ያለበትን ዘይት ከውጭ የተቀባ ሲሊኮን አያቆመውም፤ ወደ ውስጥ ያፈተለከው ቍራጭ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ዞሮ ቀጭኑን የዘይት መንገድ ሊደፍን ይችላል። ባለመኪናው ግን ንጹሕ ሞተር አይቶ አመስግኖ ይሄዳል።

ወደ ባለመኪናው ልመለስ። አንዱ «ጠብታ ናት፤ ምን ታመጣለች፤ ዘይት እጨምርበታለሁ» ይላል። ዕድሜዬን በሒሳብ አስተማሪነት ስለ ጨረስኩ ይህን ሳላሰላ ማለፍ አልችልም። 20 ጠብታ በግምት 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየደቂቃው አንድ ጠብታ ብቻ ቢወርድ በ24 ሰዓት 1,440 ጠብታ፣ ማለት 72 ሚሊ ሊትር ነው። በ14 ቀን 1 ሊትር ደረሰ። ይህ ሞተር የሚይዘው ዘይት 8 ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዘይቱ በግፊት ስለሚገፋ ፍሳሹ ከዚህ ይብሳል። ቱርቦው በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር፣ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ዘይት ለአፍታ ቢጐድልበት ይቃጠላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ቱርቦ አይተው አያውቁም፤ ግን ደኅና አድርገው ያውቁት ነበር። ከመሬት ላይ የወረደውስ ዘይት የት ሄደ? ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ወንዝ ነው፤ በወንዙም የሚያጠጣና የሚያጥብ ሰው አለ። ባለመኪናው ይህን ከራሱ ሒሳብ አይጽፈውም።

ሁለተኛው ባለመኪና ጥገናውን አይጠላም፤ የሚጠላው ሒሳቡን ነው። የሁለቱ ጎሚኒ ዋጋ ከጠቅላላው ጋር ሲተያይ ከምንም እንደማይቈጠር ያውቃልና «ታዲያ ቀሪው የምን ነው?» ይላል። የምን እንደ ሆነ ልንገረው። የአየር ማጣሪያዎቹና ቧንቧዎቹ ይነሣሉ፤ ቱርቦው ይፈታል፤ የአየር ማስገቢያዎቹ ከሁለቱም ወገን ይወጣሉ፤ ውሃው ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ነው ማቀዝቀዣው ብቅ የሚለው። ይህን የለመደ ባለሙያ እንኳ ሥራውን ከ10 ሰዓት በታች እምብዛም አይጨርሰውም። የአየር ማስገቢያው ሲነሣ ወደ ሲሊንደሩ የሚወስዱት ቀዳዳዎች ባዶአቸውን ይቀራሉ፤ አንዲት ብሎን ወደዚያ ብትወድቅ ሞተሩ ሲነሣ ፒስተን ትሰብራለች። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይደፍናል፤ የፈታቸውን ብሎኖች በየተራቸው ይደረድራል፤ ከሸለቆው ውስጥ የተጋገረውን ዘይትና አሸዋ ሳያጸዳ አዲሱን ጎሚኒ አያስቀምጥም። ብሎኖቹን የሚያጠብቀው በክንዱ ጉልበት አይደለም፤ በመለኪያ ቍልፍ፣ በተራ፣ እኩል እኩል እያደረገ ነው። የቱርቦውንና የአየር ማስገቢያውን አሮጌ ጎሚኒዎችም በዚያው ይለውጣል፤ ለእነርሱ ሲባል ሁለተኛ እንዳይፈታ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ባለመኪናው የሚያየው ምንድን ነው? ምንም። መኪናው ሲገባ የነበረውን ይመስላል፤ ቀለሙ አልተለወጠም፤ ድምፁም ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠብታው የለም። ሰው የሌለን ነገር ለመግዛት ገንዘብ ሲከፍል የተዘረፈ ይመስለዋል። ደግሞ ይኸው ሰው ለጠበቃ ምክር፣ ለሐኪም ምርመራ ሳያጕረመርም ይከፍላል፤ የእነርሱን እጅ ዘይት አልነካውምና። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዳግማዊ ምኒልክ አንጥረኛውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ከአፍ ቀንሷል፤ በሒሳብ ክርክር ላይ ግን አሁንም ይሰማል። «ፈታህ፣ ገጠምህ፣ ሌላ ምን ሠራህ?» የሚለው ንግግር ስድብ ካልሆነ ሌላ ስም አላውቅለትም።

ይህ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው እንዴት ነው? ባለመኪናው «ለአሁኑ ብቻ አንድ ነገር አድርግበት፤ ከነገ ወዲያ ለመንገድ እፈልገዋለሁ» ይላል፤ መካኒኩም እንጀራው ነውና ሲሊኮኑን ያነሣል። ገንዘብ የያዘ ሰው ዐዋቂውን አስገድዶ ከዕውቀቱ በታች የሚያሠራበት ይህ ነገር በጋራዥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በ1986 በአሜሪካ የቻሌንጀር መንኰራኵር ሊተኰስ ሲል፣ ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች የማጋጠሚያዎቹ የጎማ ቀለበቶች በብርድ መልሰው እንደማይገፉ፣ ማስወንጨፉም እንዲቆይ በዋዜማው ተከራክረው ነበር። አለቆቻቸው ቀኑ እንዲያልፍ አልፈለጉም። ጃንዋሪ 28 መንኰራኵሩ በተነሣ በ73 ሰከንድ በአየር ላይ ፈረሰ፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። በኋላ ፋይንማን የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ በመርማሪው ጉባኤ ፊት የዚያን ጎማ ቍራጭ በበረዶ ውሃ ነክሮ አሳየ፤ ጎማው መልሶ አልገፋም። የእኛ ባለመኪና ጥፋቱ ያን ያህል ከባድ ነው አልልም፤ ንግግሩ ግን ያው የአለቆቹ ንግግር ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ አንዳንዱ ባለመኪና፣ አንዳንዱ መካኒክ ትሆናላችሁና ለሁለቱም የሚሆን አንድ ልማድ ልምከራችሁ። ባለመኪናው ሒሳቡን ከመጠየቁ በፊት «ምንጩን አይተኸዋል? አሳየኝ» ይበል፤ ሥራው ሲያልቅም አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች ይቀበል። መካኒኩም ሳይጠየቅ ያስረክብ። የጠነከረ፣ ጠፍጣፋ የሆነ ብርቱካናማ ጎሚኒ በእጁ የያዘ ሰው ስለ ሒሳቡ ረጅም ክርክር አያስፈልገውም። እውነተኛው መካኒክ ይህን ልማድ አይፈራውም፤ የሚፈራውን ሰው ደግሞ ቀድሞ ማወቁ ጥሩ ነው።

«ይህ ሁሉ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ስለዚህ በእጃችን ያለው የናፍጣ መኪና ጎሚኒ ያለ ተተኪ የሚያረጅ ሆነ ማለት ነው፤ ዛሬ በሲሊኮን የምናበላሸውን ሞተር ነገ አዲስ መኪና ገዝተን አንሸፍነውም። የኤሌክትሪኩም መኪና ቢሆን ብዙው ዐይነት ባትሪው በቧንቧ በሚዞር ፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ነው፤ በየመጋጠሚያውም ጎሚኒ አለ። ያን መኪና የሚፈታው ልጅ ዛሬ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኖ መብራት ይይዛል፤ ጌታው ሸለቆውን ሲያጸዳ ወይም ሲሊኮን ሲቀባ ቆሞ እያየ ነው።