ቀኑን አውቆ ነገሩን አለማወቅ

ተማሪ ሆይ፤ የዐድዋ ድል መቼ ሆነ ቢሉህ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ብለህ ፈጥነህ ትመልሳለህ። መልካም ነው። ጦርነቱ ስለ ምን ተነሣ ቢሉህስ? ዝም ትላለህ። ጥፋቱ ግን ያንተ ብቻ አይደለም፤ ሰሌዳውን ሞልቶ «ገልብጡ» ብሎ የሚወጣው መምህርም አለበት።

አንዳንዶች፥ «ልጅ አስቀድሞ ይሸምድድ፥ ማስተዋሉ ኋላ ይመጣል» ይላሉ። ከየት ይመጣል? ያልተዘራ አይበቅልም፤ የተሸመደደውም በፈተናው ማግሥት ይረሳል።

የኅብረተሰብን ትምህርት የሚያስተምር ሰው በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ወደ ክፍል ያምጣ። የአማርኛው ጽሑፍ ዳግማዊ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክን ለፈቃዳቸው ይተወዋል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ንጉሠ ነገሥቱም በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት። እንግዲህ መምህሩ ተማሪዎቹን ከሁለት ይክፈላቸውና እኩሌቶቹ ለምኒልክ፥ እኩሌቶቹ ለኢጣልያ ይሟገቱ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል አገር ልታስነጥቅ እንደምትችል በገዛ አፋቸው ይናገራሉ፤ ቀኑንም ሳይገረፉ ይይዙታል።

ልጅ መጠየቁ ድፍረት ነው የሚል ተሳስቷል። ሳይጠይቅ ያደገ ልጅ ነገ ውል ሲቀርብለት ሳያነብ ይፈርማል፤ ዕዳውም ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ስለዚህ፥ ወንድሜ፥ እኅቴ ሆይ፤ መምህራችሁ ባይጀምር እናንተ በትሕትና ተነሡና «ስለ ምን?» በሉ።