ቀጭ ቀጭ የምትለው መኪናችንና ንጹህ እጃችን

በወሩ በ19 ቀን ጠዋት ብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቆም ብላችሁ ለመኪኖቹ ጆሮ ስጡ። የሚስመው ሰው ብዙ፣ የሚቆምበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ሹፌር ሁሉ መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዞ ይዞራል። ብዙም ሳትቆዩ ያ ድምፅ ይመጣል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መሪው ሲቃና ይጠፋል፤ ሲጠመዘዝ ይመለሳል። ታዲያ ባለመኪናው ምን ያደርጋል? ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ድምፅና ስለ ሬዲዮው ነው።

በቅድሚያ ድምፁ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ቪትዝ፣ ያሪስና የኋለኞቹ ኮሮላዎች የሚጎተቱት በፊት ጎማዎቻቸው ነው። ጉልበቱን ከካምቢዮ ተቀብለው ወደ ጎማ የሚያደርሱት ሁለት አክስሎች ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ነገር ግን የፊት ጎማ መሽከርከር ብቻ አይደለም ሥራው። መሪ ሲዞር ይታጠፋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ይወጣል። ቀጥ ያለ ብረት ይህን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አክስል በሁለቱም ጫፍ ሲቪ ጆይንት የሚባል መገጣጠሚያ አለ። የውስጠኛው እየተንሸራተተ ይረዝማል፣ ያጥራል። የውጪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በስድስት የብረት ኳሶች ላይ እየተጣጠፈ ይሽከረከራል። ይህን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ተጠቅማበት በፊት ጎማ የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች ዓለምን ሞሉ። የኛም ቪትዝ የዚያ ዘር ናት።

ኳሶቹ በግራሶ ተነክረው፣ ቡት በሚባል የጎማ ሽፋን ተዘግተው ይኖራሉ። ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው ይረጫል፣ አቧራና ውኃ ይገባል፣ ብረት ብረትን ይበላል። ቀጭ ቀጭ የሚለው የተበላው ብረት ነው። በጊዜው ቢደረስበት ሽፋኑንና ግራሶውን መቀየር ይበቃ ነበር። ድምፁ ከተሰማ በኋላ ግን አዲስ ሽፋን የተበላውን ብረት አይመልስም። ያን ጊዜ የሚቀየረው አክስሉ ነው፤ የሁለቱ ዋጋ ደግሞ አይገናኝም።

የኔ አቋም አጭር ነው። መኪና ያለን ወጣቶች ይህን ሥራ በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ እጃችን መሥራት መቻል አለብን። ለቁጠባ ብቻ አይደለም። የማናውቀውን ነገር የምንከፍልለት እንጂ የምንይዘው ስላልሆነ ነው።

“አሁን ለምን?” የሚል ይኖራል። ምክንያቱም ያለችን መኪና ከምናስበው በላይ ከኛ ጋር ልትኖር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ አሮጌዋን ሸጦ ሌላ መግዛት ለብዙዎቻችን ሕልም ሆኗል። የቀረን መጠገን ነው። ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም “እኛን አይመለከትም” እንዳትሉ። ባትሪና ሞተር ይዛችኋል እንጂ ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ያው አክስል፣ ያው ሲቪ ጆይንት፣ ያው የጎማ ሽፋን ነው። የኮብልስቶኑ ጉድጓድ ቤንዚንና ባትሪ አይለይም።

ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡትን ላዳ ታክሲዎች አስታውሱ። የሚነዱት በኋላ ጎማ ስለነበር በፊታቸው ይህ ዓይነት አክስል አልነበራቸውም፤ ሌላ ጣጣ ግን ሞልቷቸው ነበር። ሹፌሮቹ ታዲያ ክሪክ፣ ካቻቢቴና ጥቂት ቁልፍ ይዘው መንገድ ዳር ፈተው መንገድ ዳር ይገጥሙ ነበር። አብዛኞቹ ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ተማሩ። እኛ የተማርን የምንባለው ግን ጎማ ሲተነፍስ እንኳ ስልክ እንደውላለን።

ሥራው ምን ያህል ይከብዳል? አይዋሽም፣ ቀላል አይደለም። ለጀማሪ ሙሉ ቅዳሜ ይበላል። ግን ምሥጢር የለውም። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቆማለች፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ የአክስሉ ትልቁ ብሎን ይላላል፤ በአብዛኞቹ ትናንሽ ቶዮታዎች 30 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል። ከዚያ መኪናዋ በክሪክ ትነሳለች፣ በማቆሚያ ብረት ላይ ታርፋለች፣ ጎማው ይወልቃል። የታችኛው ቦል ጆይንት ይፈታል፤ ሞዞው ወደ ውጪ ሲሳብ አክስሉ ከጎማው በኩል ይወጣል። እንቢ ካለ በእንጨት ወይም በለስላሳ መዶሻ እንጂ በብረት ጥርሱ ላይ አይደበደብም። በመጨረሻ የውስጠኛው ጫፍ ከካምቢዮው በጥንቃቄ ይነቀላል። ያን ጊዜ ዘይት ይፈሳል፤ ዕቃ ይደቀንበታል። በጎረቤት ቱቦ የሚደፋውስ? እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ከአሮጌው ጎን ይተኛል። ርዝመቱ፣ የጥርሱ ብዛት፣ መኪናዋ ኤቢኤስ ካላት ቀለበቱ አንድ መሆን አለበት። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ብትሄዱ ከብዙ ምልልስ ትድናላችሁ። የካምቢዮው የዘይት መያዣ ጎማ እንዳይቀደድ አዲሱ ቀጥ ብሎ ይገባል። ሲያበቃ ትልቁ ብሎን በአዲስ ተቀይሮ በመለኪያ ቁልፍ ይጠብቃል፤ በብዙ ቶዮታዎች ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚፈልግ “በእጄ ይሰማኛል” አይሠራም። የፈሰሰው የካምቢዮ ዘይትም ይተካል።

ሦስት ነገር ግን ቀልድ የለውም። አንደኛ፣ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይገባም። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ሲንሸራተት ሰው ይገድላል። ማቆሚያ ብረት ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ አንዱ አክስል ከወጣ በኋላ ማርሹን ፓርክ ላይ ማድረግ መኪናዋን አይዛትም። የኋላው ድንጋይና የእጅ ፍሬን የተባለው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ አክስሉ ወልቆ ሳለ መኪናዋን ጎማዋ ላይ አውርዶ መግፋት ኩሽኔታውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። “የሜካኒኩን እንጀራ ልትቀሙ ነው ወይ?” ይባላል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። አንድ ጊዜ ክንዱ እስኪዝል የዛገ ብሎን የፈታ ሰው ከዚያ በኋላ በሜካኒክ የእጅ ዋጋ አይከራከርም። ላቡን ያውቀዋላ! የሚጎዳው አጭበርባሪው ነው። የውጪው ጆይንት ብቻ ሲጮህ “ሁለቱም ወገን ይቀየር” የሚለው፣ አሮጌውን ዕቃ ለማሳየት የሚያመነታው፣ ታጥቦ ቀለም የተቀባውን እንደ አዲስ የሚያስከፍለው። የሚያውቅ ደንበኛ ለጥሩ ሜካኒክ ሲሳይ ነው። ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚለው የውጪው ጆይንት፣ ቀጥታ ስትነዱ ቤንዚን ሲሰጣት የሚያንቀጠቅጣት ብዙውን ጊዜ የውስጠኛው፣ ከፍጥነት ጋር እያደገ የሚያጉመተምተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ መሆኑን ያወቀ ሰው ጋራዥ የሚገባው ለመነጋገር ነው። ያላወቀ ሰው ግን የሚገባው ለመፈረድ ነው።

“ጊዜ የለንም” የሚሉም አሉ። ለነሱ የምለው በየወሩ አክስል ቀይሩ አይደለም። አንድ ጊዜ ሥሩት። ካልሆነም ሜካኒኩ ሲሠራ ጎኑ ቆማችሁ ቁልፍ አቀብሉ። ካፌ ተቀምጦ “አለቀ?” ብሎ መደወል ግን ይቅር።

እውነቱን ለመናገር የያዘን ጊዜ አይደለም። ነውር ነው። በግራሶ የጠቆረ እጅ የተማረ ሰው እጅ አይመስለንም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። ከዚህ አሠራር የተማርነው ትልቁ ትምህርት በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈው ነው፦ እጅ የወደቁ ሰዎች መሣሪያ ነው። ስለዚህ ያለፍነው እጃችንን ንጹህ አድርገን አደግን።

የሚገርመው ይህ በሽታ የቆየ መሆኑ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ ከእንግሊዝ የመጣ ሰው በሲድሊ መኪና አዲስ አበባ ገባ፤ ከተማዋ ካየቻቸው የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መምጣታቸው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ስናየው መኪናውን ተቀበልን፣ አዋጁን ረሳን። ዛሬ አንጥረኛውን በይፋ የሚሰድብ ጥቂት ነው። ነገር ግን ልጁ ሜካኒክ መሆን እንደሚፈልግ ሲነግረው የማይደነግጥ አባት ስንት ነው? ወንድ ልጁ ቀርቶ ሴት ልጁ ብትለውስ?

ስለዚህ ነገሩ ከአክስል ይሰፋል። የምንኖረው የምንጠቀምበትን ነገር ሁሉ ከውጪ እያመጣን፣ ሲበላሽም ሌላ ሰው እየጠራን ነው። መንግሥት ይህን ያስገባ፣ ያንን ይከልክል እያልን ስንከራከር እንውላለን፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። በእጃችን ያለውን ለማወቅ ግን የማንንም ፈቃድ አያስፈልገንም።

በዚህ ቅዳሜ ከዚህ ጀምሩ። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሙ፣ መሪውን እስከ ጥጉ አዙሩ፣ ሞተሩን አጥፉ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከጎማው ጀርባ ያለውን ጥቁር የጎማ ሽፋን እዩት። ተሰንጥቋል? ዙሪያው ግራሶ ተረጭቷል? ካልተረጨ ተመስገን ነው። ከተረጨም ገና ድምፅ ሳይሰማ ደርሳችሁበታልና አሁንም ተመስገን ነው። ድምፁ ከጀመረ ደግሞ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጉትና የሥራ ልብስ ፈልጉ።

ቸር እንሰንብት።