የአንደበት መርጋት

በምሽት ቃል ትምህርት ከመምህሩ ፊት ቆሞ ውዳሴ ማርያምን የሚደግም ሕፃን አንዲት ፊደል ቢገድፍ፣ ወይም አንዲቱን ቃል በሌላዪቱ ስፍራ ቢያገባ፣ መምህሩ በጨለማ ውስጥ ሆኖ እንኳ ወዲያው ይመልሰዋል፤ ከሕፃኑ አንደበት በስተኋላ መጽሐፉ፣ የመጽሐፉም ማኅደር የሆነ የመምህሩ ልቡና አለና። በዚህ ጉባኤ ሳይደናቀፍ የሚወርድ ተማሪ በእውነት የያዘ ነው፤ የሚንተባተበውም ያልያዘ ነው። ሚዛኑ ለቦታው የቀና ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህንኑ ሚዛን ተሸክመን ወደ ችሎትና ወደ ሽምግልና መግባታችን ነው፤ በዚያ ምስክሩ ነገሩን ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሲስት የሚመልሰው መምህር አልነበረውም፣ ቃሉን የምናስተያይበትም መጽሐፍ የለም፤ እኛ ግን የአንደበቱን መርጋትና የዝርዝሩን ብዛት አይተን «ይህ ሰው አይረሳም» ብለን እንፈርዳለን።

የምስክር ቃል ከመጽሐፉ ጋር የተገናኘበት ብርቅ ጊዜ በአሜሪካ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1973 የፕሬዚዳንት ኒክሰን የሕግ አማካሪ የነበረው ጆን ዲን፣ የዋተርጌትን ጉዳይ በሚመረምረው የሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ 245 ገጽ የሞላ ቃል አሰማ፤ ከወራት በፊት በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ማን ምን እንዳለ እስከ አቀባበሉ ድረስ እየዘረዘረ ስለ ተናገረ፣ ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ እንደ ድምፅ መቅጃ ያለ ሰው ነው ብለው ተደነቁበት። በሚከተለው ወር በዚያ ጽሕፈት ቤት የሚነገረው ሁሉ በስውር በቴፕ ሲቀዳ መኖሩ ተገለጠ። የሥነ ልቡና ሊቁ አልሪክ ናይሰር በ1981 የዲንን ቃል ከቴፑ ግልባጭ ጋር አስተያየ። ዲን ስለ መስከረም 15 ቀን 1972 ሲመሰክር ኒክሰን እንዲቀመጥ እንደ ጋበዙት፣ ረዳታቸው ሀልደማንም ነገሩን ሁሉ ሲያስረዳቸው እንደ ቆየ እንደ ነገሩት ተናግሮ ነበር፤ በግልባጩ ግን ግብዣውም ንግግሩም አልተገኘም። ስለ መጋቢት 21 ቀን 1973 የሰጠው ቃል ይልቅ የተሻለ ሆነ፤ በዚያ ቀን ዋናው ተናጋሪ አስቀድሞ ገለጻውን ያሰናዳው ራሱ ዲን ነበርና፣ ይህ ክፍል ወደ ተማሪው ድግም ይጠጋል።

ነገር ግን ዲን ሐሰተኛ አልነበረም። የዋተርጌቱ ወንጀል እንዲሸፈን መደረጉን፣ ፕሬዚዳንቱም ይህን ማወቃቸውን ቴፑ አጸናለት። እንግዲህ ሰሚዎቹ ያመኑት እውነቱን ሆኖ ሳለ፣ ያመኑበት ምክንያት ግን ስሕተቱ ነበረ፤ ያን ቀን የዝርዝሩን ስሕተት የያዘ ብልህ ጠያቂ ቢነሣ ኖሮ፣ በዚያው ሚዛን እውነቱም አብሮ በተጣለ ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ቤልና ሎፍተስ በ1989 ባሳተሙት ጥናት ዳኛ እንዲሆኑ የተጠየቁ ሰዎች፣ ለፍርዱ የማይረባ ጥቃቅን ዝርዝር ወደሚያስታውስ ምስክር የማድላት ጠባይ እንዳላቸው ታይቷል። ደግሞም ታሪክን አሥር ጊዜ የተናገረ ሰው ከአንድ ጊዜ ተናጋሪ ይልቅ አንደበቱ ይረጋል፤ መርጋቱን ያገኘው ግን ከመናገር እንጂ ከማየት አይደለም። ስለዚህ ምስክርን «እርግጠኛ ነህን?» ከማለት አስቀድሞ፣ ይህን ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንደሚናገረው፣ ከማን ጋር እንደ ተጨዋወተበት፣ ባየበትም ሰዓት ልቡ በምን ተይዞ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

በወጣትነቴ በአንድ የድንበር ክርክር ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ባልቴት ቆመው «ወይራውን የተከለው ባሌ ነው፤ ጉድጓዱን ሲቆፍር ውኃ ያቀበልሁት እኔ ነኝ» አሉ። በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ሲጠየቁ አንድ ዘመን ጠሩ፤ ጥቂት ቆይተው ሌላ ጠሩ፤ በመጨረሻም «እንጃ» አሉ። ባላጋራቸው ወሩንም ዕለቱንም ሳይወላወል ቆጠረ። ሽማግሎቹ ስለ ወይራው ዳግመኛ ሳይጠይቋቸው ፊታቸውን ወደ እርሱ መለሱ።