ጠመንጃውን መዘገባችሁ፣ ጥይቱንስ?

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። የሰርግ ጥይት ነው። ሙሽራው ሲገባ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ ሰማይ ግን አላስቀረውም። ልጁ አሁን በግራ እጁ መጻፍ እየተለማመደ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ስንት ዓመቱ! ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ክልክል ነው። በተግባር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ጠመንጃ ምዝገባ ነው። ጠመንጃ እኮ ከአያት ይወረሳል፤ ጥይት ግን ተተኩሶ ሲያልቅ እንደገና ይገዛል። መያዝ ያለበት በር እሱ ነው።

ገበሬው ማዳበሪያ የሚያገኘው ስሙ ተመዝግቦ፣ ተሰልፎ፣ ፈርሞ ነው። ጥይት ላይ ግን ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ የሚል የለም። ጥይት ማሳ ላይ አይበቅልም! ወይ በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ወይ ከመጋዘን ይወጣል። ሁለቱም ጋ ደግሞ ደመወዝ የሚበላ ጠባቂ አለ።

«ታዲያ ሽፍታ ሲመጣ ባዶ ጠመንጃ ይዤ ልጠብቅ?» ለምትሉኝ፦ እሱ አልወጣኝም። ፈቃድ ያለው ሰው በልኩ፣ በደረሰኝ ይግዛ፤ የት እንዳደረሰውም ይጠየቅ ነው የምለው። ለሰርግ ዝናሩን የሚያራግፍ ሰውማ ሽፍታ አልፈራም ማለት ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ ልትሞሸሩ ነው አሉ። ጥሩኝ፣ እመጣለሁ። ጥይት ከተተኮሰ ግን ምሳውን ሳልበላ ነው የምወጣው። እልልታው ይበቃል።