የእግረኛ መንገድ ለአኖ፤ የሚጠየቀው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ባኮን አልፎ ሲሬ ከመድረሱ በፊት አኖን ያገኛል። የጎቡ ሰዮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አውራ ጎዳናው በመሐሏ ያልፋል። ለከባድ መኪና ሾፌር አኖ ፍጥነት የሚቀንስባት፣ ሲከፋም የማይቀንስባት አፍታ ናት። ለነዋሪው ግን ያው አስፋልት ገበያና ትምህርት ቤት መሄጃው ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ የእግረኛ መንገድ ይሠራ ቢባል የሚቃወም አይገኝም። ክርክሩ በማን ደጃፍ፣ በማን ወጪ፣ ማን ተጠይቆ የሚለው ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ መጠየቅ መብት እንጂ የሹም ቸርነት አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ሕዝቡ በረቂቅ ፕላን ላይ እንዲወያይ ያዛል። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ስብሰባ የሚጠራው ንድፉ ካለቀ፣ አንዳንዴም አጥሩ ላይ ምልክት ከተቀባ በኋላ ነው። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ይላል። በሙያዬ እንዲህ ያሉ ብዙ ቃለ ጉባኤዎች አንብቤአለሁ። የተቃውሞ ሐሳብ የሰፈረበት አንድም አላስታውስም።

ያች ወረቀት ዛሬ ዋጋዋ ጨምሯል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን የሚለቀውን ባለይዞታ አስቀድሞ ማማከርን ግዴታ አድርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ (አዋጅ ቁጥር 1336) ደግሞ ካሳ የመክፈሉን ሸክም ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዞረው። መንገዱ የፌዴራል፣ ከፋዩ ግን ካዝናው የሳሳ አስተዳደር ሲሆን፣ «ሕዝቡ ለልማት ብሎ በፈቃዱ ለቀቀ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ብር ታድናለች። አወያዩ ራሱ ካሳ ከፋይ ከሆነ ውይይቱ ገና ከጅምሩ ያዘነበለ ነው።

ሌላም አለ። ስብሰባ የሚጠራው በመንገዱ ዳር ቤትና ሱቅ ያለው ሰው ነው። መንገዱ ዳር የሚራመደው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው፤ እህሏን ተሸክማ ለገበያ የምትመጣ የገጠር ሴት፣ ተማሪ፣ አህያ የሚነዳ ገበሬ። እነዚህ የከተማዋ ነዋሪ ስላልሆኑ ማንም አይጠራቸውም። ሱቁ በረንዳውን እንዳያጣ ይሟገታል፤ መኪና የሚገጫት ግን ከመሟገቻው የለችም።

ደግሞም ወለጋ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በግጭት ስትታመስ በኖረች አካባቢ፣ በሹማምንት ፊት ተነስቶ «እኔ አልስማማም» ማለት አዲስ አበባ ላይ ሆነን እንደምናስበው ቀላል አይደለም። (አዲስ አበባም ላይ ቀላል ነው አላልኩም፤ የ2016ቱን የፒያሳ ኮሪደር ልማት ያስታውሷል።) የእጅ ማውጣት ድምፅ እዚያ ፈቃድን አይለካም።

ስለዚህ አዳራሹ ይቅር። ባለሙያው በገበያ ቀን ወደ መንገዱ ይውረድ፤ የእግረኛው መንገድ የት እንደሚያልፍ በኖራ መሬት ላይ ያስምር፤ ንድፉ የተጻፈበትን እንግሊዝኛ ትቶ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳ። የውኃ መውረጃው ቦይ ይከደናል ወይስ ክፍቱን ይቀራል? አህያ የሚያልፍበት ተትቷል? የሱቁ ደረጃ ቢፈርስ ካሳው ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል? ቃለ ጉባኤውም የተቃዋሚዎችን ስም ትቶ ምክንያታቸውን ይያዝ፤ ከጎኑም መሐንዲሱ ለእያንዳንዱ የሰጠው መልስ ይጻፍ።