የጉሬዛ ሆድና የልጆቻችን ዳቦ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ወይም ወደ ወንዶ ገነት የሄዳችሁ እንደሆነ ጉሬዛን ሳታዩ የተመለሳችሁ አይመስለንም። ይህ ጥቁርና ነጭ ካባ የደረበ የሚመስል እንስሳ ከሀገራችን ደኖች አንሥቶ እስከ ካሜሩንና ናይጄሪያ ሞቃት ጫካዎች ድረስ በዛፍ ቅጠል መካከል ይኖራል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ጉሬዛ» የሚለውን የእኛኑ ቃል ስለ ወሰደ፣ ዛሬም የዓለም ሊቃውንት በዚሁ ይጠሩታል።

የጉሬዛ ዋና ምግብ ቅጠል ነው። ቅጠል እንደ ልብ ይገኛል፤ ነገር ግን የሚሰጠው ጉልበት ጥቂት ነው፣ ለመፈጨትም ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ጨጓራው እንደ ላም ጨጓራ በክፍል በክፍል የተከፈለ ሆኖ፣ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ያብላሉታል። የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ስታዩት ሰነፍ ነው አትበሉ፤ ሆዱ ሥራ ላይ ነው።

እንግዲህ የምታጠባዋን አስቡ። ልጇ ሲወለድ ነጭ ነው፤ የወላጆቹን መልክ የሚይዘው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ገና በጨቅላነቱ የመንጋው ሌሎች ሴቶች ተቀብለው ያቅፉታል፣ እናቲቱም እጇ ነጻ ሆኖ ትበላለች። ጡታቸው ሞልቶ ከሥራ ወደ ቤት የሚሮጡ እኅቶቻችን ይህን ሲያነቡ ልጅ የምትይዝላቸውን ጎረቤት ሳያስቡ አይቀሩም።

አሁን ወደ ዳቦው እንምጣ። ልጆች ዳቦ፣ ብስኩትና ሙዝ ሲሰጡት እኛ አዋቂዎቹ ደግሞ አይዞህ፣ ጨምርለት እንላለን። ለቅጠል በተሠራ ጨጓራ ውስጥ ስኳርና ዱቄት ሲገባ ፈጥኖ ይቦካል፣ አሲዱ ይበዛል፣ ቅጠሉን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም ይጎዳሉ። ላም እህል ክምር ውስጥ ገብታ ጠግባ ሆዷ ሲነፋ ያየ የገጠር ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የታመመችው የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ጉዳቱ ለሁለት ነው።

ጦጣ እንኳ ሆዱ ይችለዋል፤ ነገር ግን ከለመደ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፣ ይነክሳልም።

ስለዚህ ለሽርሽር ስትወጡ የምሳውን ሣህን ክደኑት። ልጅዎ «ዳቦ ልስጠው?» ቢል «የእሱ ምሳ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎለታል» ይበሉት፤ ከዚያም ነጩ ሕፃን ከማን እቅፍ ወደ ማን እቅፍ እንደሚሄድ አብራችሁ ቁጠሩ።