አምስተኛው ሯጭ፦ የኮሌጅ ሩጫ ትዝታና ከአሶሳ እስከ ጉባ ያለው ዕድል

በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ረጅም ርቀት የሮጡ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ ጨዋታቸው ከፈተና ውጤት አይጀምርም። የሚጀምረው ከዳገቱ ነው፤ ማን ዳገቱ ላይ እንደቀደመ፣ ማን ጫማው ወልቆበት በባዶ እግሩ እንደጨረሰ፣ የዚያኛው ኮሌጅ ቡድን በስንት ነጥብ በልጦ እንደሄደ። ያኔ ያስለቀሰው ሽንፈት አሁን ያስቃል፤ ያኔ ስሙ ሲነሣ ደም የሚያፈላው ተፎካካሪ አሁን በናፍቆት ይጠየቃል። ይህን ወግ እንደ ተራ የሽማግሌ ጨዋታ ቆጥሮ ማለፍ ግን ስሕተት ነው። የምሩቃን የሩጫ ትዝታ የአንድ ተቋም ታሪክ ምንጭ ነው፤ ከዚያም አልፎ ሩጫና ትምህርት በኢትዮጵያ ለምን ተለያይተው እንደኖሩ ለሚጠይቅ ተመራማሪ የመነሻ ሰነድ ነው። ጥያቄው ደግሞ በወጣት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ፣ በተለይም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ትኩስ ነው።

የክለብ ልጆችና የኮሌጅ ልጆች

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ በኮሌጅ ቅጥር አልተወለደም። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክቡር ዘበኛ ሰዎች ነበሩ፤ ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ነበር። በኋላ የመጡትም ቢሆኑ የክለብ ልጆች ናቸው፤ ቀነኒሳ በቀለ በሙገር ሲሚንቶ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በማረሚያ ቤቶች ክለብ ሮጠዋል። የጃንሜዳ አገር አቋራጭ ተመልካችም የሚያውቀው ፉክክር የመከላከያን፣ የኦሜድላን፣ የመብራት ኃይልንና የንግድ ባንክን እንጂ የአንድን ዩኒቨርሲቲና የሌላውን አይደለም። ሥርዓቱ ለአገሪቱ ወርቅ አምጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ክለቡ ደመወዝ ይከፍላል፣ አሠልጣኝ ይቀጥራል፣ ወጣቱን ከገጠር አውጥቶ ዓለም ያሳያል። ነገር ግን ክለቡ የሚፈልገው እግር ነው። ታዳጊው በዐሥራዎቹ ዕድሜ ደብተሩን ጥሎ ሲገባ የሚጠብቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ በሩ የተከፈተላቸው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት ጉልበታቸው ሲደክም ሙያም ዲፕሎማም ሳይኖራቸው ይመለሳሉ።

በሌላ መንገድ የሄዱ ጎረቤቶች አሉ። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በ81 ቀናት ውስጥ በ5 ሺህ ሜትር፣ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል፣ በ10 ሺህ ሜትርና በ3 ሺህ ሜትር አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብሯል። በዚያው ዘመን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኤል ፓሶ ቅርንጫፍ ምሥራቅ አፍሪካውያንን አሰባስቦ የአሜሪካን ኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ደጋግሞ ይወስድ ነበር። ከነዚህ ተማሪዎች አንዱ ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኒያምቡዪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ወርቁን ሲወስድ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ብሩን የወሰደው ይኸው የኮሌጅ ተማሪ ነበር። በዚያች የመጨረሻ ዙር የተፎካከሩት ሁለት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሁለት ሥርዓቶችም ነበሩ። አንደኛው ሯጩን ከጦር ሰፈር፣ ሁለተኛው ከመማሪያ ክፍል አወጣው። ወርቁ ለጦር ሰፈሩ ሆነ፤ በሰዓት ሲለካ ግን መማሪያ ክፍሉ ሩቅ አልነበረም።

ትዝታ ያለው ዋጋና እንከን

የኮሌጁን መንገድ ማሞገስ ብቻ ግን ሐቀኝነት አይሆንም። ሮኖ ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ከክብረ ወሰኖቹ ይልቅ የመጠጥ ሱሱንና መከራውን በግልጽ ተርኳል። አገሩ በ1976ም በ1980ም ከኦሊምፒክ ስለቀረች ኦሊምፒክን ሳይሮጥ ቀርቷል። ኮሌጁ ነጥብ እስካመጣለት ድረስ ብቻ የሚያውቀው ሯጭ ከክለቡ ሯጭ የተሻለ ዕጣ የለውም። የምሩቃን ወግ ይህን ጎን ይሸፍናል፤ ድሉ ይነገራል፣ ትምህርቱን ያቋረጠው ጓደኛ ስም አይነሣም፣ የተጎዳውም ጉልበት በሣቅ ይታለፋል።

ስለዚህ ትዝታ ምንጭ ቢሆንም ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ሰው ሲያስታውስ የሮጠበትን ሰዓት ያሳጥራል፣ ዳገቱን ያቆማል፣ ተፎካካሪውን ያገዝፋል። ይህ የታወቀ የቃል ታሪክ ጠባይ ነው፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። የተነገረው ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል። የተጻፈ ውጤት በሌለበት ግን ማመሳከሪያ የለም፤ ማመሳከሪያ በሌለበት ደግሞ ትዝታው ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል። ውጤቱን በቀን፣ በቦታ፣ በርቀትና በሰዓት የሚመዘግብ ተቋም ለወደፊት ተመራማሪ የሚተወው ሀብት ከዋንጫ ይበልጣል።

ፉክክርንም በተመለከተ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ተርጋትን የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውንና ሁለተኛውን የለየው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋል። አንዱ ባይኖር ሌላው በዚያ ፍጥነት ባልሮጠ። ፉክክር ጥላቻ የሚሆነው ሕግና ልክ ሲያጣ ነው፤ ሕግና ልክ ሲኖረው ግን ሁለቱንም ወገን ያሳድጋል።

ቆላው እንደ ቤተ ሙከራ

እዚህ ላይ የተለመደ መቃወሚያ ይነሣል፤ ሩጫ የደጋ ነው፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን ቆላ ነው ይባላል። መቃወሚያው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በሮበርት ስኮት፣ በያኒስ ፒትሲላዲስና በባልደረቦቻቸው የታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የማራቶን ሯጮች ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ በብዛት ከአርሲና ከሸዋ የመጡ፣ በልጅነታቸውም ረጅም መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጡ የነበሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አሶሳ ግን ከ1,500 ሜትር ብዙም አትርቅም፣ የጉባ የአባይ ሸለቆ ደግሞ ከዚያም እጅግ ይወርዳል።

ሆኖም ያው ጥናት ሁለት ነገር ነው የሚናገረው፤ ከፍታን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት መንገድንም ጭምር። በጉባ፣ በማንዱራ ወይም በኩርሙክ ገጠር የሚያድግ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ እግሩም ሥራ አይፈታም። ከፍታውንም ቢሆን ሳይንሱ እንደ ወጉ ቀላል አያደርገውም። አሜሪካውያኑ ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ ጋንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በአብዛኛው የኮሌጅ ሯጮች የሆኑ ተሳታፊዎችን በቡድን ከፍለው ነበር። በ5 ሺህ ሜትር ሰዓቱ የተሻሻለው 2,500 ሜትር ላይ እያደረ 1,250 ሜትር ላይ ጠንካራ ልምምድ የሠራው ቡድን ነው። ከፍታ ላይ አድሮ ከፍታ ላይ የሠራው ቡድን ደሙ ቢበለጽግም ሰዓቱ በዚያ ልክ አልተሻሻለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አየሩ በሳሳበት ቦታ ሯጩ በሙሉ ፍጥነቱ ሊሠራ አይችልም።

ይህን ቁጥር ይዞ የአካባቢውን ካርታ ለሚያይ ሰው ነገሩ አስገራሚ ነው። ፓዊ 1,100 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም በቻግኒ በኩል በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። ሌሎች አገሮች በብዙ ወጪ የሚያዘጋጁት የከፍታ ልዩነት እዚህ በአውቶቡስ የሚደረስ ነው። የአሜሪካው ውጤት በደጋ ተወልዶ ባደገ ኢትዮጵያዊ ላይ እንዳለ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ራሱ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ ጥያቄውን ለመመለስም ከነዚህ ተቋማት የተሻለ የሚመች የለም።

ሙቀቱም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን በሙቀቱ ምክንያት እኩለ ሌሊት አካባቢ ተጀምሮ እንኳ ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋርጠዋል፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከአቋረጡት መካከል ነበሩ። ደጋው ሊያስተምር ያልቻለው ትምህርት ነው። ሰውነት ከሙቀት ጋር የሚላመደው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ክትትል፣ በማለዳና በምሽት በተለካ ልምምድ ነው። ዓለም እየሞቀ በሄደ ቁጥር ይህን የሚያጠና የቆላ ዩኒቨርሲቲ ለአገሩ ቡድን አስፈላጊነቱ ይጨምራል።

አምስተኛው ሯጭ

ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሕክምናም ክብረ ወሰንም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላም መተከል በተደጋጋሚ ጥቃት ተመትቶ በርካታ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለዋል። በዚያ ጊዜ ተማሪ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ ምሩቃን ናቸው፤ ሲገናኙ የሚያነሡት ትዝታም ከዚያ ዘመን የተቀዳ ነው። አንድ ትውልድ ስለ ዩኒቨርሲቲው የሚያስታውሰው በር ተዘግቶ ያደረበትን ሌሊት ብቻ እንዳይሆን ሌላ የሚታወስ ነገር ሊሰጠው ይገባል።

የአገር አቋራጭ ሩጫ ለዚህ የሚሆን ልዩ ሕግ አለው። በአሜሪካ ኮሌጆች ሥርዓት አንድ ቡድን ሰባት ሯጮች ያሰልፋል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የገቡበት ደረጃ ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። ብዙ ኮሌጆች በሚሳተፉበት ውድድር አንዱ ቡድን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ሁሉ ወስዶ አምስተኛው ሯጩ 30ኛ ቢገባ ድምሩ 40 ይሆናል። ማንም አሸናፊ ያልወጣበት ሌላ ቡድን ግን ከአምስተኛ እስከ ዘጠነኛ ተከታትሎ ቢገባ ድምሩ 35 ነው፤ ዋንጫውን የሚወስደውም እርሱ ነው። በዚህ ሒሳብ አራቱ ኮከቦች ፍጻሜው መስመር ላይ ቆመው የሚጠብቁት አምስተኛውን ነው። ከየትኛው ብሔር እንደመጣ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጸልይ የሚጠይቅ አይኖርም፤ የሚጠየቀው የት ደረሰ የሚለው ነው። ኳስ ጨዋታ ደጋፊን በሁለት ጎራ ከፍሎ ፊት ለፊት ያቆማል፤ አገር አቋራጭ ግን ደጋፊውን በመንገዱ ሁሉ ይበትነዋል፣ የሚያልፈውንም ሁሉ ያስጨበጭበዋል።

ይህ ሁሉ ግጭትን ይፈውሳል ብሎ ማመን የዋህነት ይሆናል። ሩጫ የጸጥታን፣ የመሬትንና የፍትሕን ጥያቄ አይመልስም፤ መንገዱ ሰላም ካልሆነም የሚሮጥበት የለም። የሚችለው ነገር ውስን ነው፤ ይኸውም ለተለያዩ ልጆች አንድ የጋራ ድካምና አንድ የጋራ ትዝታ መስጠት ነው። ውስን መሆኑ ግን ዋጋ ቢስ አያደርገውም።

ከየት ይጀመር

ጅምሩ ውድ አይደለም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ የግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የፓዊ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በአንድ ክልል ያሉ የተፈጥሮ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ አንዱ ተመራማሪ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ የጤና ባለሙያ ያወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ የወንዶችና የሴቶች ቡድን እኩል ነጥብ የሚይዝበት የጋራ አገር አቋራጭ ቢኖራቸው ሜዳው የገበሬ ማሳ ዳር፣ ዋንጫውም የአካባቢው ቀርቀሃ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሁለት ግዴታዎች ግን ሊላሉ አይገባም። የመጀመሪያው ማንም ሯጭ ትምህርቱን እያሳለፈ ካልሆነ አይሰለፍ የሚለው ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ሯጭ ውጤት፣ የመጨረሻውም ጭምር፣ ከከፍታውና ከሙቀቱ ጋር ተመዝግቦ በየቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ የሚለው ነው።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመውና የታላቁ የህዳሴ ግድብ ግንባታ በጉባ የተጀመረው በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሲገነባም ከየክልሉ የተሰበሰበ ሠራተኛ በጉባ ሙቀት ጎን ለጎን ደክሟል፣ ማንም ብቻውን ሠራሁት አይልም። እኩያው ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ነገር በልጆቹ እግር ሊጀምር ይችላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ምሩቃኑ በአሶሳ ማንጎ ጥላ ሥር ሲገናኙ፣ አንዱ ያንን ዳገት አንደኛ ሆኜ ወጣሁት ብሎ ቢፎክር፣ ሌላው መዝገቡን ገልጦ ሦስተኛ ነበርክ፣ ያዳነን አምስተኛው ነው ሊለው ይገባል።